ለሬይ ዳንድሪጅ የተነፈገችው አንድ ሳምንት

በሚኒያፖሊስ ከተማ ኒኮሌት ጎዳና ከ31ኛው መንገድ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን፣ በሚኒሶታ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለሥራም ለገበያም ስንወጣ በምናልፍበት ሰፈር፣ እስከ 1955 ድረስ ኒኮሌት ፓርክ የሚባል የቤዝቦል ሜዳ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሜዳው ፈርሶ በቦታው ባንክ ተሠራበት። ከ1949 እስከ 1952 በዚያ ሜዳ ሦስተኛውን ቤዝ (ከአራቱ የሜዳ ማዕዘኖች አንዱን) ይዞ የተጫወተው የሬይ ዳንድሪጅ ታሪክ ግን ከእንጨት መቀመጫዎቹ ጋር አብሮ ሊቀበር የሚገባው አይደለም። ከእግር ኳስ በቀር ሌላ ጨዋታ ለማይከታተል ሰው እንኳ የዚህ ሰው ሕይወት ብዙ የሚነግረው ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

ስሙን አሁን የማነሣበት ምክንያት አለኝ። በ2020 መጨረሻ የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ አስተዳደር ከ1920 እስከ 1948 የነበሩ ሰባት የጥቁሮች ሊጎች ከሜጀር ሊግ እኩል ደረጃ እንደነበራቸው በይፋ ተቀበለ። በ2024 ደግሞ የእነዚያ ሊጎች አኃዝ ከዋናው መዝገብ ጋር ተቀላቀለ፤ ጆሽ ጊብሰንም በጠቅላላ የጨዋታ ዘመኑ ባስመዘገበው .372 አማካይ ውጤት (ከሺህ የመምታት ተራ 372ቱ የተሳካ ማለት ነው) ታይ ኮብን በልጦ በአንደኝነት ተቀመጠ። ይህ ተገቢ ሥራ ነው፤ ሲዘገይም እጅግ ዘግይቷል። ሆኖም ከዚያ ወዲህ «እንግዲህ ያ የድሮ በደል ተካክሷል» የሚል ንግግር ደጋግሜ እየሰማሁ ነው። የዳንድሪጅ ሕይወት ይህን ንግግር አይቀበለውም። እሱን የጎዳው ጥቁር ተጫዋች ወደ ሜጀር ሊግ እንዳይገባ እስከ 1947 ድረስ ተዘግቶ የቆየው በር ብቻ አልነበረም፤ በሩ ተከፈተ ከተባለ በኋላ ሰውን በቁጥርና በልክ የማስገባቱ አሠራርም ጎድቶታል። የተቃናው መዝገብ ደግሞ ይህን ሁለተኛውን በደል ጨርሶ አይነካውም።

ሬይ ዳንድሪጅ ኦገስት 31 ቀን 1913 በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ ተወለደ። በ1933 ዲትሮይት ስታርስ በተባለው የጥቁሮች ሊግ ቡድን መጫወት ሲጀምር ገና 19 ዓመቱ ነበር። አሠልጣኙ ካንዲ ጂም ቴይለር ከለመደው ቀላል ዱላ ይልቅ ከባዱን አስያዘው፤ ዳንድሪጅም ኳሷን አርቆ ለማስወንጨፍ ከመታገል ይልቅ ተከላካይ ወደሌለበት የሜዳ ክፍል ቀጥ ባለ ጠንካራ ምት መስደድን ተማረ። ይህ ልማድ በኋላ ዕድሜው ሲገፋ እንኳ አልከዳውም። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሰባ ብዙም አይበልጥም፤ እግሮቹ ከጉልበቱ ላይ ወደ ውጭ እንደ ቅስት የሰፉ ነበሩ። የዘመኑ ሰዎች ስለዚህ አቋሙ ሲጫወቱ፣ በእግሮቹ መካከል ባቡር ያልፍ ይሆናል እንጂ ኳስ አታልፍም ይሉ ነበር።

ከዲትሮይት በኋላ ወደ ኒውአርክ ተሻግሮ ለኒውአርክ ዶጀርስ፣ ቀጥሎም ለኒውአርክ ኢግልስ ተጫወተ። ኢግልስ የኤብ ማንሊና የባለቤቱ የኤፋ ማንሊ ቡድን ነበር፤ ኤፋ በ2006 ኩፐርስታውን በሚገኘው የቤዝቦል የዝና አዳራሽ ስሟ የሰፈረ የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቅታለች። በዚያ ቡድን ዳንድሪጅ በሦስተኛው ቤዝ፣ ዊሊ ዌልስ በአጠገቡ፣ ዲክ ሲይ በሁለተኛው፣ ሚዩል ሰትልስ በመጀመሪያው ቤዝ ሲሰለፉ የውስጠኛው መስመር «የሚሊዮን ዶላር መስመር» የሚል ስም ወጣለት። ስያሜው ኩራትም ቁጭትም ነበረው፤ ተጫዋቾቹ ነጮች ቢሆኑ ኖሮ ያን ያህል ባወጡ ነበር ማለት ነውና። ኢግልስ የሚጫወትበት የኒውአርኩ ሜዳ የራሱ አልነበረም፤ የኒው ዮርክ ያንኪስ ማይነር ሊግ ቡድን (ከሜጀር ሊግ በታች ባለ ሊግ የሚጫወት ቡድን) የሚጠቀምበትን ሜዳ ተከራይቶ ነው የሚጫወተው።

ዳንድሪጅን ከሌላው የሚለየው ምን እንደነበር ለመረዳት ሦስተኛው ቤዝ ላይ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ከመቺው የሚርቀው 27 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሙሉ ኃይል የተመታች ኳስ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ደረቱ ላይ ትደርሳለች። በሌላ ጊዜ ደግሞ መቺው ሆን ብሎ ዱላውን ኳሷ ላይ አስደግፎ ብቻ ሣሩ ላይ ቀስ ብላ እንድትንከባለል ይተዋትና ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሮጣል። ያን ጊዜ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ያለው ሰው ወደፊት ተወርውሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በጓንት ለማንሣት ጊዜ ስለሌለው በባዶ እጁ ኳሷን ከመሬት ቀምቶ፣ ቀና ሳይል ከወገቡ በታች ሰያፍ አድርጎ ወደ ሌላው የሜዳ ጫፍ መወርወር አለበት። ዳንድሪጅ ይህን ከማንም በተሻለ ያደርገው እንደነበር አብረውትም በተቃራኒውም የተጫወቱ ሁሉ መስክረዋል። ኒውአርክ ላይ የቡድን ባልደረባው የነበረው ሞንቴ ኧርቪን እሱን ከመሰለ የሦስተኛ ቤዝ ተጫዋች ጋር እንዳልተገናኘ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይናገር ነበር።

ይህ ሁሉ ችሎታ እያለው በገዛ አገሩ የሚከፈለው ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቹ በክረምት ወደ ኩባ፣ ቀጥሎም ወደ ቬንዙዌላና ወደ ሜክሲኮ አቀና። በሜክሲኮ ሊግ ለቬራክሩዝና ለሜክሲኮ ሲቲ ቡድኖች ተጫውቷል። ሆርሄ ፓስኬል የተባለው ባለጸጋ የሊጉ ፕሬዚዳንት በ1946 ነጭ የሜጀር ሊግ ተጫዋቾችን በገንዘብ አማልሎ ወደ ሜክሲኮ እስከማስኮብለል የደረሰ ሰው ነው፤ ዳንድሪጅን ደግሞ በክብር ይዞት ነበር። በሜክሲኮ ጥቁር ተጫዋች የፈለገው ሆቴል ያድራል፤ የፈለገው ምግብ ቤት ገብቶ ይበላል። ቤተሰቡን ይዞ መኖርም ይችል ነበር።

በ1947 ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በሜጀር ሊጉ ብሩክሊን ዶጀርስ ማልያ ሜዳ ገብቶ በሩን ሲከፍት ዳንድሪጅ ሜክሲኮ ነበር። በዚያው ዓመት የክሊቭላንድ ቡድን ባለቤት ቢል ቬክ ጥሪ ላከለት። ዳንድሪጅ ለመፈረሚያ የሚሆን ገንዘብ ጠየቀ፤ አላገኘም። በዚያን ጊዜ 33 ዓመቱ ነው፤ ልጆች አሉት፤ ሜክሲኮ ውስጥ አክባሪ አሠሪና የተረጋገጠ ደመወዝ አለው። አሻፈረኝ አለ። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ውሳኔ «ዕድሉን በገዛ እጁ አሳለፈ» ብለው ይተርኩታል፤ እኔ አልስማማም። የቤተሰብ ኃላፊነት ያለበት ሰው ለአሥራ አራት ዓመት በሩን ዘግቶበት የኖረ ቤት አንድ ቀን ከፍቶ ሲጠራው ያለውን ሁሉ ጥሎ እንዲሮጥ መጠበቅ፣ ይህንንም ባለማድረጉ ጥፋቱን በእሱ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይደለም።

ሁለተኛው ጥሪ በ1949 መጣ። ዳንድሪጅ በዚያ ዓመት የአሌክስ ፖምፔዝ ንብረት የሆነው ኒው ዮርክ ኩባንስ ተጫዋችና አሠልጣኝ ነበር። የኒው ዮርክ ጃይንትስ ቡድን እሱንና ወርዋሪውን ዴቭ ባርንሂልን ገዝቶ ሁለቱንም ሚኒያፖሊስ ወደሚገኘው የራሱ ማይነር ሊግ ቡድን ወደ ሚለርስ ላካቸው። የማይነር ሊግ ነገር ለማያውቅ አንባቢ፦ በዚያ ዘመን ሜጀር ሊግ 16 ቡድኖች ብቻ ነበሩት፤ ከሥራቸው በየከተማው የተዘረጉ ዝቅተኛ ሊጎች በደረጃ ተደርድረው ተጫዋች ያፈሩላቸዋል። ሚለርስ የሚገኝበት አሜሪካን አሶሲየሽን ከመሰላሉ የመጨረሻ እርከን ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ሜጀር ሊግ ብቻ አለ። በዚያ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች በ1948 ለሴንት ፖል የተሰለፈው ሮይ ካምፓኔላ ነበር፤ በሚለርስ ደግሞ ዳንድሪጅና ባርንሂል የመጀመሪያዎቹ ሆኑ።

ዳንድሪጅ ሲፈርም ዕድሜውን በርከት ባሉ ዓመታት ቀንሶ ነበር የተናገረው። እውነተኛው ዕድሜ ቢታወቅ ኖሮ ሚኒያፖሊስንም እንደማያያት ያውቅ ነበርና አልፈርድበትም። ሠላሳ ስድስተኛ ልደቱን ባከበረበት በዚያ የ1949 የጨዋታ ዘመን አማካይ ውጤቱ .362 ሆነ። ይህ ማለት ለመምታት ከቀረበባቸው ሺህ ተራዎች 362ቱ በስኬት ተጠናቀቁለት ማለት ነው፤ በዚህ ጨዋታ በሺህ 300 የሚደርስ ሰው የተከበረ መቺ ይባላል። በ1950 በ.311 ውጤት ሚለርስ የሊጉን መደበኛ ውድድር በአንደኝነት እንዲጨርስ ረዳ፤ እሱም የአሜሪካን አሶሲየሽን ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። በ1951 ደግሞ .324 አስመዘገበ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከሜጀር ሊግ አንድ እርከን ብቻ ዝቅ ብሎ፣ ከሊጉ ምርጦች አንዱ ሆኖ ተጫወተ። ከኒው ዮርክ ግን አልተጠራም።

ስለምን አልተጠራም? ለዚህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ዕድሜው ነው። መልሱ ከባድ ስለሆነ በሚገባው ክብደት መመርመር አለበት። አንድ ቡድን የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ላይ የወደፊት ተስፋውን አይጥልም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት ሌሎች ቡድኖች ምን እንዳደረጉ እንመልከት። ክሊቭላንድ ሳቸል ፔጅን በ1948 ያስፈረመው በ42 ዓመቱ ነው፤ ፔጅም ስድስት ጨዋታ አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸነፈ፤ ቡድኑ በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ያው ክሊቭላንድ ሉክ ኢስተርን በ1949 ያሰለፈው በ34 ዓመቱ ነው። የቦስተን ብሬቭስ ሳም ጀትሮ በ1950 የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተጫዋች ተብሎ ሲሸለም 33 ዓመት ሞልቶት ነበር። ዕድሜ እንቅፋት የሚሆነው እንቅፋት እንዲሆን ለፈለገ ቡድን ነው።

ደግሞም ጃይንትስ ለሦስተኛው ቤዝ ሰው አላስፈለገውም ማለት አይቻልም። በ1949 መጨረሻ ቦታውን ይዞ የነበረውን ሲድ ጎርደንን ለቦስተን አሳልፎ ሰጠ። ቦታው ክፍት ሆነ፤ የተሰጠው ለወጣቱ ሃንክ ቶምፕሰን ነው። ቶምፕሰን ከሞንቴ ኧርቪን ጋር በጁላይ 1949 ለጃይንትስ የተሰለፈ ጥቁር ተጫዋች ነው፤ በ1950 ጥሩ ተጫውቷል፤ ቦታው አይገባውም ነበር የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ቶምፕሰን ባለበት ቡድን ዳንድሪጅ ለተጠባባቂነት እንኳ ስለምን ቦታ አጣ የሚል ነው።

እዚህ ላይ በወረቀት ያልሰፈረ፣ ግን ተጫዋቾቹ ሁሉ ያውቁት የነበረ ሕግ እናገኛለን። አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው ጥቁር ተጫዋቾች ከተወሰነ ቁጥር እንዳያልፉ ይጠበቅ እንደነበር ብዙዎቹ በኋላ ተናግረዋል። በ1951 መጀመሪያ ላይ ጃይንትስ ኧርቪንን፣ ቶምፕሰንን፣ ኩባዊውን ሬይ ኖብልንና አርቲ ዊልሰንን ይዞ ነበር፤ አራት። ወጣቱ ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ሜይስ በሜይ ወር ከሚኒያፖሊስ ሲጠራ ዊልሰን ወደ ማይነር ሊግ ወረደ፤ እንደገና አራት። በርግጥ ዊልሰን በዚያን ጊዜ አልቀናውም ነበር፤ ውጤቱም .182 ብቻ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አይገባም። ያም ሆኖ ከሃያ አምስት ሰው መካከል ቦታ መልቀቅ የነበረበት ያው ከአራቱ አንዱ መሆኑ ለማንም ሰው ጥያቄ የሚያስነሣ ነው። ዳንድሪጅ የሚወዳደረው ከጃይንትስ ሃያ አምስት ተጫዋቾች ጋር ሳይሆን ከአራት ወንበሮች ጋር ነበር።

ሁለተኛው ማነቆ ውሉ ነው። በዚያ ዘመን የተጫዋች ውል ውስጥ በነበረው አንቀጽ መሠረት ቡድኑ ተጫዋቹን ከዓመት ዓመት በራሱ ፈቃድ ይዞ ማቆየት ይችላል፤ ተጫዋቹ ግን ውሉ ሲያልቅ እንኳ ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። ኩርት ፍለድ የተባለ ተጫዋች ይህን አሠራር ተቃውሞ ያቀረበውን ክስ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ውድቅ አድርጎበታል፤ አንቀጹ የተሰበረው በ1975 መጨረሻ በአንድ የግልግል ዳኛ ውሳኔ ነው። ስለዚህ ዳንድሪጅ «እናንተ ካልፈለጋችሁኝ የሚፈልገኝ ጋ ልሂድ» ማለት አይችልም ነበር። ቡድኑ ካልሸጠው በቀር ሚኒያፖሊስ ይቀመጣል፤ ሚኒያፖሊስ ደግሞ ይወደው ነበር። ሕዝቡ እሱን ለማየት ትኬት ይገዛል፤ የሚለርስ ባለቤት ያው ጃይንትስ ነውና ገቢው ለዚያው ቤት ነው። ጎበዝ መሆኑ ራሱ እዚያው የሚያቆየው ገመድ ሆነ።

የጃይንትስ ባለቤት ሆራስ ስቶንሃም በዘር ጥላቻ የሚታወቅ ሰው አልነበረም፤ ከ16ቱ ቡድኖች ጥቁር ተጫዋች ቀድመው ካሰለፉት አንዱ የእሱ ቡድን ነው። በ1952 መጨረሻ እንኳ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፉት ስድስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። እንዲያውም የዳንድሪጅን ነገር አሳዛኝ የሚያደርገው ይህ ነው፤ የበደለው ከክፉዎቹ መካከል ሳይሆን ከተሻሉት መካከል የነበረ ቡድን ነው። የተሻሉት ሰዎች እምነታቸው ለውጥ በዝግታ፣ ማንንም ሳያስቆጣ ይምጣ የሚል ነበር። እኛም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን፤ ለብዙ ነገር መልካም ምክር ነው። ነገር ግን እንቁላሉ እስኪፈለፈል የሚጠብቅ ጊዜ ያለው ሰው ነው ይህን ተረት የሚተርተው። ለሃያ ዓመቱ ወጣት ዝግታ ትዕግሥት ነው። ለሠላሳ ሰባት ዓመቱ ዳንድሪጅ ግን «ቀስ በቀስ» ማለት «አይሆንም» ማለት ነበር፤ ልዩነቱ ማንም ሰው እምቢ ያለበትን ቀን ለይቶ ሊያሳይ አለመቻሉ ብቻ ነው።

ዊሊ ሜይስን ካነሣሁ አይቀር በሚኒያፖሊስ ያሳለፈውን ጊዜ በጥቂቱ ልናገር። ሜይስ በ1951 የጸደይ ወቅት ሚለርስን ሲቀላቀል ገና ሃያ ዓመት እየሞላው ነበር። የክፍል ጓደኛ ሆኖ የያዘውም፣ ያስተማረውም፣ ጥቁር ተጫዋች ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ሆቴል ሊያድር በማይችልባቸው ከተሞች እንዴት ራሱን ጠብቆ እንደሚኖር ያሳየውም ዳንድሪጅ ነው። ዳንድሪጅ የዚያን ልጅ ችሎታ ሲያይ ከእሱ ቀድሞ እንደሚያልፍ አላወቀም ማለት ዘበት ነው። ግን የሚያውቀውን አልሸሸገውም። ሜይስ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲናገር ዳንድሪጅ እጅግ እንደረዳውና እንዲህ ያለው ውለታ ሊዘነጋ እንደማይገባ መስክሯል።

ሜይስ በ35 ጨዋታ .477 መትቶ በሜይ መጨረሻ ወደ ኒው ዮርክ ተጠራ። የሚኒያፖሊስ ሕዝብ ቅር ስለተሰኘ ስቶንሃም በከተማዋ ጋዜጦች ማስታወቂያ አውጥቶ ይቅርታ የሚመስል ማብራሪያ ሰጠ፤ ልጁ በችሎታው ያገኘውን ዕድል መንፈግ ተገቢ እንደማይሆን ገለጸ። ያን ማስታወቂያ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ነገር አለ። ለሜይስ የተነገረው ቃል ለዳንድሪጅ አንድም ሳይጎድል ይሠራ ነበር፤ የተናገረለት ግን ማንም የለም። በዚያው የ1951 ሚለርስ ውስጥ ሆይት ዊልሄልም የተባለ ነጭ ወርዋሪም ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በ29 ዓመቱ ጃይንትስን ተቀላቀለ። ዊልሄልም፣ ሜይስና ዳንድሪጅ ሦስቱም ዛሬ በኩፐርስታውን የዝና አዳራሽ ውስጥ አሉ። ከሦስቱ ወደ ላይ ያልወጣው ዳንድሪጅ ብቻ ነው።

የጃይንትስ ጠበቃ ሆኖ የሚከራከር ሰው በ1951 ቡድኑ ዋንጫ ፍልሚያ ላይ እንደነበር፣ በኦክቶበር 3 ቀን ቦቢ ቶምሰን በመታው ዝነኛ ምት ውድድሩን እንዳሸነፈ፣ ለአረጋዊ ተጫዋች ውለታ የሚውልበት ጊዜ እንዳልነበር ሊነግረኝ ይችላል። ይሁን። 1949ስ? በዚያ ዓመት ጃይንትስ አምስተኛ ሆኖ ነው የጨረሰው፤ 73 አሸንፎ 81 ተሸንፏል፤ ከአንደኛው ከብሩክሊን በ24 ጨዋታ ወደኋላ ቀርቷል። በሴፕቴምበር ወር ደግሞ ቡድኖች ከመደበኛው ሃያ አምስት በላይ ተጫዋች መያዝ ይፈቀድላቸው ነበር፤ የማይነር ሊግ ተጫዋቾችም የሚሞከሩት በዚያ ወር ነበር። .362 የመታ ሰው የሚኒያፖሊስ ጨዋታ ሲያበቃ በባቡር ተሳፍሮ ለጥቂት ቀናት ኒው ዮርክ ቢሰለፍ ማን የሚከስረው ነበረ? አንድ ሳምንት ማንንም ከቦታው አያፈናቅልም፤ ዋንጫም አያሳጣም።

ይህችን አንድ ሳምንት እኔ የፈጠርኳት አይደለሁም። ዳንድሪጅ ራሱ ከዓመታት በኋላ ስቶንሃምን ያገኘው ጊዜ የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ በሜጀር ሊግ ሜዳ እግሬን አሳርፌአለሁ ብዬ እንድናገር ለአንድ ሳምንት እንኳ ስለምን አልጠራኸኝም ነው ያለው። ጥያቄው ከምንም በላይ ልቤን የሚነካው ዳንድሪጅ የጃይንትስን ሜዳ አሳምሮ ስለሚያውቀው ነው። ኒው ዮርክ ኩባንስ ይጫወት የነበረው የጃይንትስ መናኸሪያ በሆነው በፖሎ ግራውንድስ ነበር፤ ጃይንትስ በሌለባቸው ቀናት ተከራይቶ። ዳንድሪጅ በዚያ ሣር ላይ ሮጧል፤ በዚያ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ቆሟል። የጠየቀው እንግዲህ ሣሩን አይደለም። በተከራይነት የገባበት ግቢ ውስጥ እንደ ቤተኛ መቆምን ነው የጠየቀው።

ከ1952 በኋላ ያለው ታሪክ አጭር ነው። በዚያ ዓመት ውጤቱ ወደ .291 ወረደ፤ ዕድሜው 39 ደርሶ ነበርና አይገርምም። በ1953 በካሊፎርኒያ ለሳክራሜንቶና ለኦክላንድ ተጫወተ። በ1955 በሰሜን ዳኮታ ለቢስማርክ ከተማ ቡድን .360 መትቶ ዱላውን ሰቀለ። ወደ ኒውአርክ ተመልሶ በመጠጥ ቤት አስተናጋጅነት ሠራ፤ ለጃይንትስም ወጣት ተጫዋቾችን የመመልመል ሥራ ሠርቷል፤ በኋላም የከተማውን ልጆች የሚያጫውት የመዝናኛ ማዕከል ኃላፊ ሆነ። ወደዚያ ማዕከል የሚመጡት ልጆች ኳስ አወራወር የሚያሳያቸው ሰው ማን እንደነበር ምን ያህሎቹ እንደሚያውቁ እንጃ።

የዝና አዳራሹ የመረጠው በ1987 ነው፤ 73 ዓመቱ ነበር። በዚያው በጋ ከካትፊሽ ሃንተርና ከቢሊ ዊልያምስ ጋር አብሮ በኩፐርስታውን መድረክ ላይ ቆመ። በንግግሩ የጽጌረዳውን መዓዛ በሕይወት ሳለ እንዲያሸት ስለፈቀዱለት አመሰገነ፤ ስለምን ይህን ያህል እንደዘገዩም ጠየቀ። ምሬት አልነበረበትም። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1994 በፍሎሪዳ ግዛት በፓልም ቤይ በ80 ዓመቱ አረፈ።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ። በ2024 በተቃናው መዝገብ መሠረት ዳንድሪጅ የሜጀር ሊግ ተጫዋች ነው፤ የዲትሮይትና የኒውአርክ ዓመታቱ ተቆጥረውለታል። ይህ እውነቱ ነው፤ መቆጠሩም ግዴታ ነበር። ነገር ግን የጥቁሮቹ ሊጎች መዝገብ 1948 ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የጥቁሮቹ ሊጎች ምርጥ ተጫዋቾቻቸውን ስላጡ ደረጃቸው ወረደ የሚለው ምክንያት ለታሪክ ጸሐፊ አጥጋቢ ሊሆን ይችላል። የዳንድሪጅ የሚኒያፖሊስ ዓመታት የሚጀምሩት ግን በ1949 ነው። ስሙን በሜጀር ሊግ መዝገብ ውስጥ የሚፈልግ ወጣት እስከ 1944 ያለውን የኒውአርክ ውጤቱን አግኝቶ ከዚያ ባዶ ገጽ ያያል፤ «ከዚያ በኋላ ተጫውቶ ጨርሷል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። .362 የለም፤ የ1950 የኮከብነት ሽልማት የለም። በሩ ከተከፈተ በኋላ በደጃፉ ላይ የቆመባቸው አራት ዓመታት በየትኛውም ዓምድ አልሰፈሩም።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ቀላል ነው። የዚህን መዝገብ ባለቤትነት የያዙ ሰዎች በ1947ና በ1959 መካከል በማይነር ሊግ የላይኛው እርከን ላይ ቆመው የቀሩ ጥቁር ተጫዋቾችን ታሪክ ከዋናው ገጽ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ። አኃዙን ቀላቅሉ አላልኩም፤ ማይነር ሊግ ማይነር ሊግ ነው። ግን የአንድ ተጫዋች ገጽ ሲከፈት እነዚያ ዓመታት ከሌሎቹ ጎን በግልጽ ይታዩ፤ በዚያን ጊዜ የያዘው ቡድን ማን እንደነበረ፣ ስንት ጊዜም ሳይጠራ እንደቀረ ይነበብ። የተዘጋውን በር የሚያወግዝ መዝገብ ተሠርቷል። በከፊል የተከፈተውን በር የሚያሳይ ግን እስካሁን አልተሠራም።

1959ን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቦስተን ሬድ ሶክስ ከ16ቱ ቡድኖች የመጨረሻው ሆኖ ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በዚያ ዓመት በጁላይ 21 ቀን ነው። ተጫዋቹ ፓምፕሲ ግሪን ይባላል። ሚለርስ በዚያን ጊዜ ከጃይንትስ እጅ ወጥቶ የቦስተን ማይነር ሊግ ቡድን ሆኖ ነበርና፣ ግሪን የተጠራው ከሚኒያፖሊስ ነው። ከጸደዩ ልምምድ በኋላ ወደዚያ ሲመልሱት ሌላ ማስረጃ እንዲያመጣ ጠየቁት፤ ያመጣው ማስረጃ .320 ነው። በዚያ ቀን ሺካጎ ላይ ሌላ ተጫዋች ተክቶ ሮጠ። ኒኮሌት ፓርክ ከፈረሰ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር፤ ሬይ ዳንድሪጅ ደግሞ አርባ ስድስት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ተኩል ያህል ቀርቶታል።